ላሜራውን ልሰርጉደው ወይስ ለስላሳውን ልተወው? የፀሐይ ማድረቂያ ጥያቄ

ላሜራ ቤት አዘዞ፦

ሰላም ለሁላችሁም። አዘዞ ላይ ትንሽ የብየዳና የላሜራ ቤት አለኝ። ለአንድ የሴቶች ማኅበር በርበሬና ሽንኩርት የሚያደርቅ የፀሐይ ማድረቂያ እየሠራሁ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። ከላይ መስታወት፣ ከሥሩ ጥቁር የተቀባ የአልሙኒየም ላሜራ፣ ከላሜራው ሥር ደግሞ 4 ሴንቲሜትር ክፍተት። አየሩ በዚያ ክፍተት ያልፍና ሞቆ ወደ በርበሬው ሳጥን ይገባል። ላሜራው 1 ሜትር በ2 ሜትር ነው።

ችግሩ እንዲህ ነው። እኩለ ቀን ላይ ላሜራው እጅ አያስነካም። የሚወጣው አየር ግን ለብ ያለ ብቻ ነው። ሙቀቱ ላሜራው ላይ ታጥሮ ይቀራል።

ሰሞኑን ስለ ጎልፍ ኳስ አንድ ቪዲዮ አየሁ። ላዩ ላይ ያሉት ስርጉዶች የአየሩን ጉተታ ይቀንሳሉ ይላል። እንዲህ ያለ ገጽ ሙቀትም በደንብ ያስተላልፋል ይላል። እኔ ደግሞ መዶሻ አለኝ። ላሜራውን ብሰረጉደው ይጠቅማል? ወይስ ድካሙ ከንቱ ነው? ልምድ ያላችሁ ንገሩኝ።

ራዲያተር ቤት ጎንደር፦

ልጄ፣ ያልከው ነገር አዲስ አይደለም። ራዲያተር ስንፈታ የምናየው ነው። የአንዳንድ ከባድ መኪና ራዲያተር ቱቦው ለስላሳ አይደለም። ከፋብሪካው ሲወጣ ጀምሮ በመስመር የተሰረጎደ ነው። ውሃው ሲያልፍ እየተገለባበጠ እንዲሄድ ነው። በቱቦዎቹ መሀል ያሉት ስስ ክንፎችም ቀረብ ብለህ ብታያቸው በጥቃቅኑ ተቀድደው ዘንበል ዘንበል ብለዋል። አየሩ እዚያ ላይ እየተቆራረጠ ነው የሚያልፈው።

ልጆች ራዲያተሩን በኃይለኛ የውሃ ግፊት ሲያጥቡት እነዚያን ክንፎች ያስተኟቸዋል። ከላይ ሲታይ ንጹሕ ነው። መኪናው ግን ከመተማ ወደ ላይ ሲወጣ ይፈላል። ስለዚህ ስርጉዱና ቅዱ ሥራ አለው። አንድ ነገር ብቻ ልብ በል። የተሰረጎደ ቦታ ቆሻሻ ይይዛል። አየር መግቢያህ ላይ ወንፊት አድርግበት።

ሙቀትና ፍሰት፦

ጋሼ ያሉት ትክክል ነው። ሜካኒካል ኢንጂነሪንግ ነው የተማርኩት፤ የመመረቂያ ሥራዬም በፀሐይ አየር ማሞቂያ ላይ ነበር። ስለዚህ ጥያቄው ደስ ብሎኛል።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ንገረኝ። አየሩን የሚገፋው ፋን ነው ወይስ በጭስ ማውጫ ራሱ ነው የሚሳበው? መልሱ ሙሉ በሙሉ በዚህ ላይ የተንጠለጠለ ነው።

ላሜራ ቤት አዘዞ፦

ይሄኛው ፋን አለው። በሶላር የሚሠራ ትንሽ ፋን። ግን መብራት ለሌለበት ገጠር ያለ ፋን፣ በጭስ ማውጫ ብቻ የሚሠራ ሌላ አስቤ ነበር። ለሁለቱም ብሰረጉድ ብዬ ነው።

ሙቀትና ፍሰት፦

እሺ፣ ለፋኑ ልጀምር። ቁጥሩን እናውጣው፤ ያለ ቁጥር ይሄ ነገር ወሬ ነው።

አየሩ በክፍተትህ ውስጥ በሰከንድ 2 ሜትር ይሄዳል እንበል። ጎንደር ከባሕር ወለል 2100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነች። አየራችን ስስ ነው። 20 ዲግሪ ላይ አንድ ሜትር ኩብ አየር ባሕር ዳርቻ 1.2 ኪሎ ሲመዝን እኛ ጋ 0.93 ኪሎ ብቻ ነው። ፋንህ የሚገፋው መጠን ያው ሆኖ ክብደቱ ከሩብ ትንሽ ባነሰ ይቀንሳል። ይህን ሁሉ አስገብቼ ሳሰላው የክፍተትህ ሬይኖልድስ ቁጥር 7000 አካባቢ ይመጣል።

ሬይኖልድስ ቁጥር ማለት ፍሰቱ የተረጋጋ ይሁን ወይስ የሚረበሽ የሚነግርህ ቁጥር ነው። ኦስቦርን ሬይኖልድስ እ.ኤ.አ. በ1883 በማንቸስተር ውሃ በሚፈስበት የመስታወት ቱቦ ውስጥ ቀጭን የቀለም ክር ለቀቀ። ውሃው ቀስ ሲል ክሩ ቀጥ ብሎ ሄደ። ሲፈጥን ክሩ ተበጣጥሶ ቱቦውን ሁሉ ቀባው። በእንዲህ ዓይነት ቱቦ ከ2300 በታች ፍሰቱ ይረጋጋል። ከ4000 ከዘለለ መረበሹ አይቀርም። ያንተ 7000 ነው። ስለዚህ የተረበሸ ነው።

ፍሰቱ ይረበሻል ማለት ግን እስከ ላሜራው ድረስ ይረበሻል ማለት አይደለም። ላሜራውን የነካው አየር ከላሜራው ጋር ተጣብቆ ይቆማል። ከዚያ በላይ ያለው በጣም ቀስ ይላል። ላሜራው ስስ ጋቢ የለበሰ ያህል ነው። ሙቀቱ ያንን ጋቢ አልፎ ነው ወደ ፈጣኑ አየር መግባት ያለበት።

ለስላሳ ላሜራ በዚህ ፍሰት ላይ በካሬ ሜትር፣ ለእያንዳንዱ ዲግሪ ልዩነት፣ 8 ዋት ገደማ ብቻ ነው ለአየሩ የሚያስረክበው። ወደ አየሩ የሚገባው ሙቀት በካሬ ሜትር 450 ዋት ነው ብንል ላሜራው ከአየሩ በ55 ዲግሪ ገደማ መብለጥ አለበት። እጅ የማያስነካህ ለዚህ ነው። አየሩ ደግሞ ከገባበት በ13 ዲግሪ ገደማ ብቻ ሞቆ ይወጣል። ያልከው ለብታ እሱ ነው። ያየኸው ነገር ከስሌቱ ጋር ይገጥማል።

አሁን ስርጉዱ ያንን የቆመ አየር ይበጠብጠዋል። በክፍተት ውስጥ በተደረጉ ሙከራዎች የተሰረጎደ ገጽ ከለስላሳው 2 እስከ 2.5 እጥፍ ሙቀት አስተላልፏል። ይህን አጥብቀው ያጠኑት የጋዝ ተርባይን ምላጭን ከውስጥ ለማቀዝቀዝ የሚሠሩ ሰዎች ናቸው። እዚያ ምላጩ እንዳይቀልጥ ነው ጭንቀቱ። ያንተ ላይ እጥፍ ቢሆን እንኳ የ55 ዲግሪው ልዩነት ወደ 28 ይወርዳል።

ልብ በል፣ የሚወጣው አየር ሙቀት በእጥፍ አይጨምርም። ትርፍህ ሌላ ቦታ ነው። ላሜራው ሲቀዘቅዝ በመስታወቱ በኩል ወደ ሰማይ የሚያባክነው ሙቀት ይቀንሳል። የዳነው ሙቀት ነው ወደ በርበሬው የሚሄደው።

ላሜራ ቤት አዘዞ፦

እንዲህ ሲብራራ ሸጋ ነው። ፋኑን አያስጨንቀውም ታዲያ? ስርጉዱ ጉተታውን ይቀንሳል ነበር የተባለው።

ማራኪ ግቢ፦

እንዲያውም ፋኑ ይቀለዋል። የጎልፍ ኳሱ ጉተታ በግማሽ ይቀንሳል አይደል? ላሜራውም ያው ነው።

መምህርት፦

ወንድሜ፣ ያው አይደለም። ይህን ተማሪዎቼም ሁልጊዜ ስለሚጠይቁኝ ረጋ ብዬ ልጻፈው። ፊዚክስ አስተምራለሁ።

አየር አንድን ነገር በሁለት መንገድ ይጎትተዋል። አንዱ ገጹን እየታከከ የሚጎትተው ነው። ሌላው ከኋላው ባዶ ቦታ ሲተው ነው። ከፊት ያለው ግፊት ከፍ ይላል፤ ከኋላ ያለው ዝቅ ይላል። ልዩነቱ ወደ ኋላ ይጎትታል። ኳስ ላይ ከሁለቱ ትልቁ ሁለተኛው ነው። ጠፍጣፋ ላሜራ ላይ ግን ያለው የመጀመሪያው ብቻ ነው።

ለስላሳ ኳስ ሲበር የተረጋጋው ስስ አየር ኳሱን ከፊት ጀምሮ 80 ዲግሪ ገደማ ከተከተለ በኋላ ይለቀዋል። ወገቡ ጋ ሳይደርስ ማለት ነው። ከኋላ ሰፊ የተናወጠ አየር ይቀራል። ስርጉድ ሲኖረው ግን ያ ስስ አየር ይረበሻል፤ ከላይ ካለው ፈጣን አየር ጉልበት ይቀበላል። ስለዚህ ኳሱን አቅፎ እስከ 120 ዲግሪ ገደማ ይሄዳል። ከኋላ ያለው ባዶ ቦታ ይጠብባል። የጉተታው ቁጥር ከ0.5 ወደ 0.25 አካባቢ ይወርዳል። የስርጉዱ ጥልቀት እኮ ከግማሽ ሚሊሜትር በታች ነው።

የሚገርመው ታሪኩ ነው። ጉታ ፔርቻ ከሚባል የዛፍ ሙጫ የተሠሩ ለስላሳ ኳሶች በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሲመጡ ተጫዋቾቹ አንድ ነገር አስተዋሉ። ሲቧጨርና ሲጎዳ የቆየው ኳስ ከአዲሱ የበለጠ ይበር ነበር። ከዚያ ሆን ብለው ይቧጥጡት ጀመር። ዊልያም ቴይለር የሚባል እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1905 ስርጉዱን በፓተንት አስመዘገበ። ምክንያቱ ግን ገና ግልጽ አልነበረም። በ1912 ጉስታቭ ኤፌል፣ የፓሪሱን ማማ የሠራው ኤፌል፣ በንፋስ መሞከሪያው ውስጥ የክብ ነገር ጉተታ ፍጥነት ሲጨምር በድንገት እንደሚወርድ ለካ። ሉድቪግ ፕራንትል በጌቲንገን የለካው ግን ከዚያ በእጥፍ የሚበልጥ ነበር። በ1914 ፕራንትል ኳሱ ላይ ቀጭን ሽቦ አሠረበት። የእሱም ጉተታ ወረደ። ሽቦው የተረጋጋውን ስስ አየር ስለረበሸው ነው። ነገሩ የተፈታው ያኔ ነው።

እንግዲህ ላሜራው ከኋላው የሚለቀው ባዶ ቦታ የለውም። የሚጠብብ ነገር ከሌለ ስርጉዱ ምን ያተርፋል? ንክኪውን ብቻ ይጨምራል።

ማራኪ ግቢ፦

መምህርት፣ አከብርዎታለሁ፤ ግን ጠፍጣፋ ገጽ ላይም ስርጉድ ጉተታ እንደቀነሰ አንብቤያለሁ። ሆላንድ ውስጥ በዴልፍት ተሞክሯል።

ሙቀትና ፍሰት፦

ልክ ነህ፣ ተሞክሯል። የዴልፍቶቹ እ.ኤ.አ. በ2016 እስከ 4 በመቶ ቅናሽ አግኝተናል ብለው አሳትመዋል። በ2008 ጀርመን ውስጥ የሞከሩት ደግሞ ምንም ቅናሽ የለም ብለዋል። ክርክሩ አልተዘጋም። አንተ ግን አንድ ነገር አስተውል። በዚያ ክርክር ውስጥ ያሉት ስርጉዶች እጅግ ጠፍጣፋ ናቸው፤ እጅህን ብታሳልፍበት ብዙም አይታወቅህም። ሙቀት የሚያስተላልፈው ስርጉድ ጠለቅ ያለ ነው። እሱ ላይ ጉተታው ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። እዚህ ላይ ተመራማሪዎቹ አይከራከሩም።

ጠፍጣፋ ገጽ ላይ ጉተታ የሚቀንስ በሥራ የተፈተነ ነገር ከፈለግህ ሌላ አለ። ከፍሰቱ ጋር ርዝመቱን የሚሄድ እጅግ ደቃቅ ቦይ ነው፤ ከሻርክ ቆዳ የተወሰደ። ሉፍትሃንዛ ቴክኒክና ባስፍ የሠሩት እንዲህ ያለ ሽፋን ቦይንግ 777 ላይ ተለጥፎ 1 በመቶ ገደማ ነዳጅ ይቆጥባል። የቦዩ ቁመት ከሚሊሜትር 20ኛ ነው። በመዶሻ የሚሠራ አይደለም።

ወደ ፋኑ ልመለስ። ለስላሳው ክፍተትህ የሚያስከፍለው ግፊት 1.5 ፓስካል ገደማ ነው። በጣም ትንሽ። በስርጉድ እጥፍ ቢሆን 3 ፓስካል ነው። ፋኑ ለዚያ አየሩ ላይ የሚያጠፋው ተጨማሪ ጉልበት ከአንድ ዋት በታች ነው። የምታተርፈው ሙቀት በአሥር ዋቶች የሚቆጠር ነው። የበርበሬው ወንፊትና የቱቦው መታጠፊያ ከዚህ ይበልጥ ያስጨንቁታል። ስለዚህ ፋን ላለው፣ አዎ፣ ስርጉደው።

ጭስ ማውጫ ላለው ግን እንዳትነካው። የ1 ሜትር ተኩል ጭስ ማውጫ ውስጡ ከውጩ በ20 ዲግሪ ቢሞቅ የሚስበው ግፊት 1 ፓስካል አይሞላም። አየሩ በሰከንድ 30 ሴንቲሜትር ቢሄድ ሬይኖልድስ ቁጥሩ 1000 አካባቢ ነው። የተረጋጋ ፍሰት። እዚያ ስርጉድ ውስጥ የገባው አየር ተኝቶ ይቀራል። ሙቀት ሳታተርፍ ትንሿን ግፊት ታባክናለህ።

ላሜራ ቤት አዘዞ፦

ይሄን ባላውቅ ሁለቱንም ሰርጉጄ ነበር። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ፋሲል ደጋፊ፦

ክሩን ላቋርጥ፤ ኳስ ስትሉ ጊዜ ነው የገባሁት። የእግር ኳስስ? የእኛ ልጆች ፋሲለደስ ስታዲየም ላይ ቅጣት ምት ሲመቱ ኳሱ አየር ላይ ይዋልላል። ያለ ሽክርክሪት የተመታው ማለቴ ነው። ከዚህ ጋር ይያያዛል?

መምህርት፦

በደንብ ይያያዛል። እግር ኳስ ላይ የስርጉዱን ሥራ የሚሠራው ስፌቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ደቡብ አፍሪካ ላይ የዓለም ዋንጫው ኳስ ጃቡላኒ ሲመጣ ቁራጩ 8 ብቻ ነበር፤ ላዩም ለስለስ ያለ። በረኞቹ አማረሩ። በቅጣት ምት ፍጥነት ላይ አንዱ ጎን አየሩን ቀድሞ ሲለቅ ሌላው ሲዘገይ ኳሱ ወዲያና ወዲህ ይላል። በ2014 የዓለም ዋንጫ ኳስ በብራዙካ ላይ ቁራጩ 6 ሆኖ ስፌቱ ግን ረዘመ። ስለዚህ ረጋ አለ።

ጎንደር ላይ ደግሞ አየሩ ስስ ስለሆነ ያ የመዋለል ፍጥነት ከባሕር ዳርቻ በ30 በመቶ ገደማ ከፍ ይላል። ባሕር ዳር ሳይሆን ባሕር ዳርቻ ነው ያልኩት። ጣና ዳርም ከፍታ ነው። ጉተታውም በስሱ አየር ያንሳል፤ ኳሱ ይርቃል። ከቆላ የመጣ በረኛ ይህን ቢለማመድ ይጠቅመዋል።

የመተማ መንገድ፦

እኔ አይሱዙ ነው የምነዳው፤ ከመተማ ጎንደር ሰሊጥ አመላልሳለሁ። የዕቃ ሳጥኑ ጎን ሁሉ ተሰርጉዷል። ልጆች ነዳጅ ይቆጥብልሃል ይሉኛል። አሜሪካ ውስጥ አንድ ቴሌቪዥን መኪና በሸክላ ጭቃ ለብጦ ሰርጉዶ ሞከረና ቆጠበ ሲሉም ሰምቻለሁ። እውነት ነው?

ሙቀትና ፍሰት፦

ጋሼ፣ የቴሌቪዥኑ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። በለስላሳ ሸክላ በጋሎን 26 ማይል የሄደው መኪና በተሰረጎደው 29 ሄደ። ግን አንድ መኪና ላይ የተደረገ አንድ የቴሌቪዥን ሙከራ ነው። እሱን ይዤ ምክር አልሰጥም።

የእርስዎ ሳጥን ከኋላ እንደ ግድግዳ ተቆርጧል። አየሩ ጠርዙ ላይ ሲደርስ መልቀቁ ግድ ነው። ጎኑ ቢሰረጎድ ባይሰረጎድ የሚለቅበት ቦታ አይቀየርም። በዚያ ላይ በዚያ መጠንና ፍጥነት ጎኑን የሚታከከው አየር ከመጀመሪያውም የተረበሸ ነው። ረባሽ አያስፈልገውም።

መንገዱንም እንይ። በ80 ኪሎ ሜትር ሲሄዱ የአየሩ ጉተታ 25 ኪሎ ዋት ገደማ ይበላል። ከገንዳ ውሃ ወደ አይከል በ25 ኪሎ ሜትር ሲወጡ ግን ከ1 ኪሎ ዋት በታች ነው። የአየር ጉተታ የሚበላው ጉልበት ከፍጥነት ጋር በኪዩብ ስለሚሄድ ነው፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ ስምንት እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። 8 ቶን ይዞ 7 በመቶ ዳገት መውጣት ደግሞ ብቻውን 38 ኪሎ ዋት ይፈልጋል። እዚያ ነዳጅዎን የሚበላው ክብደቱና ዳገቱ ነው። ሜዳ ላይ መቆጠብ ከፈለጉ ፍጥነት ይቀንሱ፤ ሸራው እንዳይርገበገብ አጥብቀው ይሠሩት። ይሄኛው በእጅዎ ነው።

ራዲያተር ቤት ጎንደር፦

ሞተሩ የሚፈላውም እዚያው ዳገት ላይ ነው። መኪናው ይዘገያል፤ ንፋስ አይገባም፤ አየሩም ስስ ይሆናል። ሁሉም በአንዴ ይመጣበታል። የፋኑን ቺንጋ ሳታዩ አትውጡ።

የመተማ መንገድ፦

ገባኝ፤ ተባረኩ። ሳጥኑን አስተካክዬ ቀለም እቀባዋለሁ በቃ።

ላሜራ ቤት አዘዞ፦

እኔ ደግሞ ወደ መዶሻዬ። መጠኑ ምን ያህል ይሁን? የአሮጌ ኩሽኔታ ብረት ኳሶች አሉኝ፤ 15 ሚሊሜትር ናቸው። በነሱ ብመታውስ?

ሙቀትና ፍሰት፦

15 ሚሊሜትር ኳስ 2 ሚሊሜትር ቢሰምጥ 10 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ስርጉድ ይተዋል። 4 ሴንቲሜትር ቁመት ላለው ክፍተት ያ ትንሽ ነው። ከላይ ያለው አየር መኖሩንም አያውቀውም። በዚያ ላይ በ2 ሴንቲሜትር ርቀት ብታሰልፋቸው 5000 ጊዜ መምታት ነው። ክንድህን አትጨርስ።

ከመዶሻው በፊት ግን የክፍተቱን ቁመት ከ4 ወደ 3 ሴንቲሜትር አውርደው። ይሄ ብቻውን ሙቀት ማስተላለፉን በሲሶ ይጨምራል። ግፊቱ ከእጥፍ በላይ ይሆናል፤ ግን አሁንም ከ4 ፓስካል በታች ነው። አንድም ምት ሳትመታ ያገኘኸው ነው። እኔ ብሆን በዚህ ነበር የምጀምረው። ጎንና ጎኑ ላይ አየር የሚያሾልክ ቀዳዳ ካለም በሲልከን ድፈነው።

ከዚያ ስርጉዱ። ስፋቱ ከክፍተቱ ቁመት ጋር ተቀራራቢ ይሁን። 30 ሚሊሜትር ስፋት፣ 5 ሚሊሜትር ጥልቀት። ለዚህ 50 ሚሊሜትር የሆነ ድቡልቡል ራስ ያስፈልግሃል። የፒክ አፕ ተጎታች ማያያዣ ኳስ ልክ 50 ሚሊሜትር ነው። አሮጌ ካገኘህ ዘንግ ላይ በየደው። ከመሀል መሀል 50 ሚሊሜትር እየራቁ ይሁኑ። ለ2 ካሬ ሜትር 800 ገደማ ይመጣል። አንዱ ረድፍ ከሌላው ጋር ፊት ለፊት አይሰለፍ፤ በሁለቱ መሀል ይግባ። አንዱ የበጠበጠው አየር የሌላውን ጠፍጣፋ ቦታ እንዲመታ።

ላሜራ ቤት አዘዞ፦

ጉድጓዱ ወደ አየሩ ይሁን ወይስ እብጠቱ?

ሙቀትና ፍሰት፦

አየሩ ከሥር ብቻ ስለሚሄድ ከሥር በኩል ጉድጓድ ይሁን። እብጠቱ ወደ መስታወቱ ይምጣ። እብጠት ወደ አየሩ ብታዞረውም ሙቀት ያስተላልፋል፤ ጉተታው ግን ይከብዳል። ያንተ ፋን ትንሽ ስለሆነ ጉድጓዱን እመርጣለሁ።

አልሙኒየሙ ስስ ከሆነ ሲመታ ይጣመማል። ከመሀል ጀምረህ ወደ ዳር ውጣ። ከሥሩ ወፍራም አሮጌ ጎማ አንጥፍ፤ ላሜራው አይቀደድም። ጥቁሩን ቀለም ከሥራው በኋላ ቀባ፤ ቀድመህ ከቀባህ ይሰነጠቃል።

መምህርት፦

ወጣቱ፣ ከመግጠምህ በፊት በዓይንህ እንድታየው እፈልጋለሁ። ተማሪዎቼን እንዲህ ነው የማሳያቸው። ዕጣን አጭስ። ንፋስ በሌለበት ክፍል ጭሱን ከጎን ተመልከተው። መጀመሪያ ቀጥ ብሎ እንደ ክር ይወጣል። ከዚያ ከፍ ሲል በድንገት ይጠማዘዝና ይበተናል። ሬይኖልድስ በቀለም ያሳየው ነገር እሱ ነው።

አሁን የተሰረጎደውን ቁራጭ ጥቁር ቀብተህ ጠረጴዛ ላይ አስተኛው፤ ጉድጓዱ ወደ ላይ። ከአንድ ጫፍ በፋኑ ቀስ ያለ ንፋስ ስጠው። ዕጣኑን ከፊት አድርግ። ክፍሉን አጨልምና የስልክህን ባትሪ ከጎን አብራ። ቪዲዮውን በዝግታ ቅረጸው። ለስላሳው ቦታ ላይ ጭሱ ተለጥፎ ሲሄድ ታየዋለህ። ስርጉዱ ላይ ሲደርስ ከመግቢያው ጠርዝ ይለቃል። ጉድጓዱ ውስጥ የፊተኛው ግማሽ ላይ ጭሱ ወደ ኋላ ተመልሶ ይዞራል፤ ሰነፍ ቦታ ነው። ከዚያ ከመውጫው ጠርዝ ላይ ጥንድ ሽክርክሪት ተፈናጥሮ ይወጣል። ሙቀት በኃይል የሚተላለፈው እዚያ መውጫ ጠርዝና ወዲያው ከኋላው ያለው ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ነው። ጉድጓዱ ራሱ ብዙ አይሠራም። የሚሠራው ከኋላው ያለው ነው።

ለዚህ ነው እርስ በርስ ማጠጋጋት ብቻ ጥሩ የማይሆነው። ጠፍጣፋ ቦታ ካልተውክ ሽክርክሪቱ የሚያጥበው ነገር የለም።

ላሜራ ቤት አዘዞ፦

ይሄንማ ዛሬ ማታ ነው የማደርገው። ዕጣንማ ቤት አለ።

ራዲያተር ቤት ጎንደር፦

ወንፊቱን እንዳትረሳ። ስርጉዱ ወደ ታች ያፈጠጠ ስለሆነ አቧራው ብዙም አይተኛበትም፤ ግን ሸረሪት ይወዳታል። ክረምቱ ሲያልቅ ፈተህ ጥረገው።

ማራኪ ግቢ፦

ሲጨርስ እንዴት ነው የሚያወዳድረው? ትናንት ደመና ዛሬ ፀሐይ ሊሆን ይችላል።

ሙቀትና ፍሰት፦

ሸጋ ጥያቄ። በተለያየ ቀን አይወዳደርም። ሁለት ትንንሽ ሳጥን ይሥራ፤ አንዱ ለስላሳ፣ አንዱ የተሰረጎደ። ጎን ለጎን፣ በአንድ ማዕዘን፣ አንድ ዓይነት ፋን፣ አንድ ዓይነት መስታወት። ከ5 እስከ 8 ሰዓት ባለው ፀሐይ በየሩብ ሰዓቱ መግቢያውንና መውጫውን ይለካ። ቴርሞሜትሩ መውጫው ቱቦ ውስጥ ይሁን፤ ላሜራውን ማየት የለበትም። ትኩስ ላሜራ ቴርሞሜትሩን በጨረር ብቻ ያሞቀዋል፤ ውሸት ይነግርሃል። በቆርቆሮ ቁራጭ ጋርደው።

ደግሞም የአየሩን መጠን ለካ፤ ሙቀቱን ብቻ አትመን። የተሰረጎደው ላይ ፋኑ ትንሽ ከዘገየ አየሩ ያነሰ ስለሆነ ብቻ ሞቆ ሊወጣ ይችላል። መለኪያ ከሌለህ ትልቅ የፕላስቲክ ከረጢት መውጫው ላይ ሰክተህ ስንት ሰከንድ ላይ እንደሚሞላ ቁጠር። ሁለቱም ሳጥን በአንድ ዓይነት ሰከንድ እስኪሞሉ ድረስ የፋኑን ፍጥነት አስተካክልና ከዚያ ሙቀቱን አወዳድር።

ላሜራ ቤት አዘዞ፦

ከረጢቱ ስንት ሊትር ይሁን?

ሙቀትና ፍሰት፦

ለትንሹ ሳጥን 100 ሊትር የሚይዝ የቆሻሻ ከረጢት ይበቃል። ቀድመህ በደንብ ጨምቀህ ባዶ አድርገው። ሲሞላ እስኪወጠር አትጠብቅ፤ ከተወጠረ ፋኑን መልሶ ይገፋዋል። ቅርጹን ሊይዝ ሲል ሰዓቱን አቁም።